የእትዬ ጭጭ ዜማ

ጥቅምት 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ የቲያትር ቤቱ ልብስ ሰፊ ወደ መድረክ ወጡ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ የሚወጡት የተዋንያንን ልብስ ለማስተካከል ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን የወጡት ሊዘፍኑ ነው። ሲሰፉ ስፒሉን በከንፈራቸው ስለሚይዙ፣ ለሚያናግራቸው ሁሉ የሚመልሱት በቅንድባቸው ብቻ ነበር። በዚህም «እትዬ ጭጭ» ተባሉ።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ቲያትር ቤቱ አንድ የቆየ ተረት በሙዚቃ ያዘጋጅ ነበር። በተረቱ ሰባት ወንድማማቾች በክፉ ንግሥት ድግምት ወፍ ይሆናሉ፤ እኅታቸው ሰባት ሸሚዝ ሰፍታ እስክትጨርስ አንዲት ቃል ከተነፈሰች ወፍ እንደሆኑ ይቀራሉ። የዜማ ደራሲው ለወፎቹም ለንግሥቲቱም ዘፈን ደረሰ፤ ለእኅቲቱ ግን ቸገረው።

«ዋናዋ ተዋናይ ሁለት ሰዓት አፏን ለጉማ ልትቀመጥ ነው? በቃ፣ በግጥም ትዝፈን!» ሲል አዘጋጁ ወሰነ።

እትዬ ጭጭ ከተዋናይዋ እግር ሥር ተንበርክከው የቀሚሷን ጫፍ ይዘመዝሙ ነበር። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ።

«ልጄ፣ ከተናገረችማ ወንድሞቿን ጉድ አደረገቻቸው እኮ! ለምን እንደኔ አፏን ዘግታ አታንጎራጉርም? እኔ ለእጅጌ አንድ ዜማ አለኝ፤ ለአንገትጌ ደግሞ ሌላ።»

የዜማ ደራሲው ሳቀ። «እትዬ፣ የምንፈልገው ዘፈን ነው፤ የስፌት መኪና ድምፅ አይደለም።»

«መኪናዬ ካንዳንዱ ዘፈንህ ይሻላል። ቢያንስ ልኩን አይስትም!»

ተዋናይዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አዘጋጁም፣ «እንግዲያው ነገ ያሰሙን። ካልሆነ ግጥሙ ይጸናል» አላቸው።

ከስፌት ክፍሉ ግድግዳ አልፎ የማያውቀው ዜማቸው የነበረው ዕድል ይኸው አንድ ረፋድ ብቻ ነበር። በማግስቱ እጃቸውን አጣምረው በሰው ፊት ሲቆሙ ግን ድምፃቸው ጠፋ።

«አሁንስ እውነትም ጭጭ!» አለ ከሙዚቀኞቹ አንዱ።

እርሳቸው አልወረዱም። «ወንበር አምጡልኝ። ከሰባቱ ሸሚዞች ያላለቀውንም አቀብሉኝ» አሉ። ተቀመጡ፤ ስፒሎቹን በከንፈራቸው ያዙ፤ መስፋት ጀመሩ። ያን ጊዜ ዜማው መጣ። በእጅጌው ላይ ፈጠን ፈጠን አለ፤ አንገትጌው ላይ ሲደርስ ከፍ ብሎ እንደ ልመና ተንቀጠቀጠ፤ ክሩ ሲበጠስ ጸጥ አለ። ተዋናይዋ ዕንባዋን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገች።

የዜማ ደራሲው ደብተሩን ይዞ ከወንበራቸው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «እትዬ፣ እባክዎ የአንገትጌውን ይድገሙልኝ።»

ያላወቁትን መጠየቅ ክብርን እንደማይቀንስ እርሱም የዚያን ዕለት ተማረ። እትዬ ጭጭ ደገሙለት፤ ተዋናይዋም ከሥር ከሥራቸው እየተከተለች አጠናችው።

ተውኔቱ ታኅሣሥ 5 ቀን ተከፈተ። የእኅቲቱ ዜማ ሲያበቃ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ አዘጋጁም እትዬ ጭጭን እጃቸውን ይዞ ወደ መድረክ አወጣቸው። ዜማው በሰማንያ አራት ትርዒት ተሰማ፤ በማስታወቂያውም ላይ የልብስ ሰፊዋ ሙሉ ስም ከዜማ ደራሲው ስም ጎን ታተመ።