«ይችላል» የተባለው ማሽን

በሥራ ቦታው በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ይችላል» ነበር የሚሉት። ማተሚያው ወረቀት ሲያኝክም ሆነ የላብራቶሪው ስክሪን ሲጨልም ከአፉ መጀመሪያ የሚወጣው ይኸው ቃል ነበረና። እኔ ግን ታናሹ ስለሆንኩ ወንድም ጋሼ ነው የምለው።

ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሆስፒታል በኮምፒውተር ባለሙያነት ሠርቷል። ክፍሉ ከራጅ ክፍል ጀርባ፣ ቀድሞ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥበት የነበረ ጠባብ ቤት ነው። የሆስፒታሉን መረጃ የሚይዙ አራት ያረጁ ሰርቨሮች ግድግዳውን ተደግፈው ሲያጓሩ ይውላሉ። ተማሪ ሳለሁ መጽሐፌን ይዤ እዚያ እቀመጥ ነበር። «እነዚህ ከእኔ በፊት ጡረታ ይወጣሉ» ይለኝ ነበር ያኔ።

አንድ ቀን የሕመምተኞችን ካርድ የያዘው ሰርቨር ሃርድ ዲስኩ ይንቋቋ ጀመር። ማን ምን እንደታከመ፣ ለማን የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማ፣ ሁሉም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ወንድም ጋሼ አዲስ ሰርቨር እንዲገዛ ጻፈ። ዳይሬክተሯ ደግሞ አንድ ነገር ሰምታ ነበር፤ አሁን አሁን አንድ ኮምፒውተር ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉ ሌሎች ማሽኖችን በሆዱ ይይዛል፤ ታዲያ ከአራቱ ጠንካራው ሌሎቹን ጠቅልሎ ቢይዝስ?

አንድ ቀን ይስጡኝና ልየው አላት። የጠንካራውን ሰርቨር መመሪያ አውጥቶ አነበበ። የማሽኑ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር እነዚያን በሆድ የሚያዙ እንግዳ ማሽኖች ለማስተናገድ የሚያስፈልገው ችሎታ አለው ይላል። ባዮስ የሚባለው የማሽኑ መነሻ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ተዘግቶ የነበረውን ይህንኑ ችሎታ ከፈተ። ሜሞሪውም ይበቃል። በማግስቱ ቢሮዋ በር ላይ ቆሞ ያችኑ የለመዳትን ቃል ተናገረ። የግዢው ጥያቄ ተሰረዘ።

መቻል ማለት ማወቅም ነው፣ መሸከምም ነው። ወንድም ጋሼ ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። አባታችን ሲሞት እኛን ታናናሾቹን ትምህርቱን ትቶ ያሳደገን ችሎ ነው እንጂ አውቆበት አልነበረም። ለማሽኑም በራሱ ልክ ሰፋለት።

ተከላውን ሲጀምር፣ እንግዳ ማሽኖቹን የሚያስተናግደው አዲሱ ሶፍትዌር ገና ከበር እምቢ አለ። አንዱ ችሎታ ብቻ አይበቃውም፤ የእያንዳንዱን እንግዳ ማሽን ሜሞሪ ፕሮሰሰሩ ራሱ እንዲያከፋፍል ይፈልጋል። ይህ ደግሞ የመጣው ሰርቨሩ ካለው ፕሮሰሰር ቀጥሎ በወጣው ትውልድ ላይ ነው። መመሪያው ላይ በሚቀጥለው ገጽ ተጽፎ ነበር። ገጹን አልገለጠውም።

የቆየ ሶፍትዌር ፈልጎ ጫነና ከአራት ወር በፊት ገልብጦ ባስቀመጠው የካርዶቹ ቅጂ ሞከረው። ሠራ፤ ሲሠራ ግን አንዱ ካርድ እስኪከፈት ሕመምተኛው ተሽሎት ቤቱ ይገባል ብላ የካርድ ክፍል ኃላፊዋ ቀለደችበት። ቀልዷን ጨርሳም ሄደው ዳይሬክተሯን አይችልም ይበሏት አለችው። ትንሽ ይቆይ፣ አንድ የቀረችኝ ነገር አለች አላት። የሚንቋቋው ዲስክ ሁለት ጊዜ መገልበጥ አይሸከምም ብሎ ስለፈራ፣ አዲስ ቅጂ ማውጣቱን ለዝውውሩ ቀን አቆይቶት ነበር።

እንዲህ እያለ ቀናት አለፉ። ባለቤቱ ደውላ፣ ወንድምህ ጉርሻውን እጁ ላይ ይዞ ይፈዛል፣ እባክህ ና አለችኝ። እሑድ ሄድኩ። ሁሉንም አጫወተኝ። ነገውኑ ንገራት አልኩት።

«በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አይችልም ብዬ አላውቅም» አለኝ። «አሁን ብል፣ የማይችለው እኔ ነው የምመስላቸው።»

ሚስቱ ሳህኑን እያነሳች «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ሄደህ ተናገር» አለችው። እኔ ግን ያን ፊቱን ሳይ አልገፋሁትም። ያሳደገኝን ሰው ማስገደድ ድፍረት መስሎኝ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ዲስኩ መንቋቋቱን ተወ። ከዚያ ወዲያ አልተነሳም፤ ከአሮጌው ቅጂ ወዲህ የተጻፈው የአራት ወር መዝገብም አብሮት ጠፋ።

ዳይሬክተሯ አልጮኸችበትም። ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት ብላ ብቻ ጠየቀችው። ዘጠኝ ቀን ሆኖኛል አላት።

«በዘጠኝ ቀን እኮ ከየትም ብዬ አንድ ማሽን እዋስ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲያ የተናገረችውን አልሰማሁትም ብሎኛል።

ከሥራ አላባረሩትም። የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ወንበር የጠየቀው እሱ ራሱ ነው፤ በእነዚያ አራት ወራት የታከሙት ሕመምተኞች ሲመጡ ታሪካቸውን እንደገና ይመዘግባል። አንድ ቀን ልጠይቀው ሄጄ ከኋላው ቆምኩ። ሕፃን ያዘለች ሴት መስኮቱ ጋ ነበረች። ልጁን የማይስማማው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አለ እንጂ። ባለፈው ሰውነቱ አብጦ አልነበር ያመጣሁት? እናንተው ጽፋችሁታል።»

«ጽፈነው ነበር፣ እህቴ። ጠፍቶብን ነው። ስሙን ታስታውሽዋለሽ?»

ሴትዮዋ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው። «ሽሮፕ ነው» አለች። «ሮዝ ቀለም ያለው። ስሙን እናንተ ያዛችሁት ብዬ እኔ መች ያዝኩት?»

ወንድም ጋሼ «ሮዝ ሽሮፕ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን ሳያነሳ፣ ሌላ ነገር ትዝ ይላት እንደሆነ ፊቷን እያየ ጠበቀ። ከኋላዋ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ነበር።