ክዳን የሌላቸው ጀሪካኖች

ሬይኖ ካንጋስ ክፍት የተተወ ነገር አይወድም። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረበት ሥራ ራሱ መዝጋት ነበር። ብረት ማዕድን የጫኑ ፉርጎዎች ሐይቁ ዳር ካለው ማራገፊያ ላይ ቆመው ሆዳቸው ይከፈትና ጭነታቸውን ወደ መርከቡ ይዘረግፋሉ፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ፉርጎ የሆድ በር መልሶ የሚዘጋው እሱ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም እጁ አላርፍ አለ። ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ያጠብቃል፣ መሳቢያ ይገፋል፣ የቅቤውን ዕቃ ይከድናል። ሚስቱ ሌምፒ ደግሞ ሁሉን ከፍታ ትታ የምትሄድ ሴት ነበረች። አርባ ስምንት ዓመት አብረው የኖሩት እሷ እየከፈተች፣ እሱ ከኋላዋ እየዘጋ ነው።

ሌላው የሌምፒ አመል ባዶ ነገር አለመጣሏ ነው። በተለይ ጠርሙስ። የላስቲክ ጠርሙስ እጇ ከገባ ከዚያ ቤት አይወጣም። ጓሮ ባለው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ሳውናው ውስጥ፣ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ የሚረጨው ጎኑ በሰያፍ በተቆረጠ የበረኪና ጠርሙስ ነበር። ደረጃው በረዶ ሲይዝ ክዳኑ በምስማር ከተበሳሳ የጭማቂ ጠርሙስ አሸዋ ይነሰነስበታል። የዳቦው ፌስታል አፍ በተቆረጠ የጠርሙስ አንገት ውስጥ ያልፍና በክዳኑ ይታሰራል። ሬይኖ ዓሣ ሊያጠምድ ሲወጣ ምሳውን የሚያቀዘቅዙለት ውሃ ተሞልተው በረዶ የሆኑ ጠርሙሶች ናቸው፤ ሲቀልጡ ደግሞ ይጠጣቸዋል። ክዳኖቹ ብቻቸውን ማዕድ ቤቱ መስኮት ላይ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ሞልተው ይኖራሉ።

ሬይኖ ለሰው ሁሉ፣ «አንድ ቀን እኔንም ወገቤ ላይ ቆርጣ ቲማቲም ትተክልብኛለች» ይል ነበር።

ሌምፒም አትምረውም። «አንተማ ታፈሳለህ፣ አትሆነኝም።»

ጥር ላይ፣ በረዶው እስከ መስኮቱ ሲደርስ፣ ሌምፒ ዘር የምትዘራበት ጊዜ ነው። በዚያ ብርድ መዝራት ለሌላ አገር ሰው ቀልድ ይመስላል። እሷ ግን እጀታ ያለውን የወተት ጀሪካን ወገቡ ላይ ዙሪያውን ትቆርጠዋለች፤ ከእጀታው ሥር ጥቂት ታስቀርና እንደ ሳጥን ተከፍቶ የሚዘጋ ታደርገዋለች። ሥሩን ትበሳና አፈር ትሞላበታለች፤ ዘሩን ጣል ታደርግና ቁራጩን መልሳ በፕላስተር ትጠመጥመዋለች። ከዚያ ሳውናው ጀርባ በረዶው ላይ ትደረድረዋለች። ዘሩ ብርዱን ይቀምሳል፣ ይተኛል፣ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይነሳል። ስሙን ጎኑ ላይ በማርከር ትጽፋለች፤ ፀሐዩ በየዓመቱ ያጠፋዋል፤ በየዓመቱም ጎመን ነው ብለው የተከሉት ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ የምትሳሳላት ግን አንዲት ቀይ አበባ ነበረች። ፖፒ። እናቷ በእርሻቸው አጥር ሥር ያበቅሏት የነበረች፣ ቅጠሏ እንደ ስስ ወረቀት የሆነች፣ ሁለት ቀን ፈክታ የምትረግፍ። እርሻው ከተሸጠ በኋላ ዘሯ የቀረው ሌምፒ ዘንድ ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ ከሳውናው ወጥታ፣ ፀጉሯ እንደራሰ፣ ፎጣ እንዳገለደመች ፖፒዎቹ መሀል ትቆማለች። ሬይኖ በሩን ይዞ፣ «ሙቀቱን አስወጣሽው፣ ግቢ ወይ ውጪ!» እያለ ይጨቃጨቃል። አሁን ሲያስበው ያንን በር እንደተከፈተ ይዞ ዕድሜውን በሙሉ ቢቆም ደስ ይለዋል።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ፖፒዎቹን አጋዘን ጨረሳቸው። አንዲት የአስፕሪን ጠርሙስ ታች ላይ ከብናኝ የማይበልጥ ዘር ቀረ። ሌምፒ በዚህ ጥር እሱኑ በሙሉ አንድ ጀሪካን ውስጥ አፈሰሰችው። ያን ጊዜ የያዛት በሽታ በጣም ጎድቷት ነበር። ሬይኖ አፈሩን እየተሸከመ፣ ጀሪካኑን እየያዘላት፣ ሃያ ጀሪካን በአንድ ቀን ጨረሱ። ፖፒዋን ስትዘራ አፈር ሊያለብስ እጁን ሲዘረጋ መታችው።

«አይቀበርም። ፓንክ ብቻ።»

ፓንክ የሚኖሩበት አገር ቃል ነው። በረዶን በአካፋ ጀርባ መታ መታ አድርጎ መጠቅጠቅ ማለት ነው። ልጃቸው ካርላ ሐይቁን ከሚያሻግረው ትልቅ ድልድይ ማዶ ሥራ ስትይዝ ይህን ቃል ተናግራ ባልደረቦቿ ስቀውባታል፤ እዚያ የሚያውቀው የለም። ሌምፒ በሁለት ጣቷ አፈሩን መታ መታ አደረገችና ጀሪካኑን በፕላስተር ዘጋችው። ጀሪካኖቹን ወስዶ የደረደራቸው ሬይኖ ነው። በየካቲት መጀመሪያ ሌምፒ ሞተች።

ከቀብሩ ማግስት ሬይኖ ሳውናው ጀርባ ሄደ። ሃያው ጀሪካን አፋቸውን ከፍተው፣ በረዶ በአንገታቸው እየገባ ተደርድረዋል። ክዳን የሚባል አንድ እንኳ የለባቸውም። በሌላው ዓመት ይህ የእሷ ብቻ ሥራ ነበር፤ ዘንድሮ ሲደረድራቸው ኋላ የምትከድናቸው መስሎት ነበር። ይኼኔ ልቡ ተሰበረ። ሕመሙ አዘናግቷት ነው፣ መጨረሻዋን ሳትጨርስ ሄደች አለ። ወደ ማዕድ ቤት ተመልሶ ብርጭቆውን አመጣ፤ በበረዶው ተንበርክኮ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ ሃያውንም አንድ በአንድ ከደነ። ታቻቸው ከበረዶው ጋር ተጣብቆ ስለነበር አላነሳቸውም። ሲጨርስ፣ «በቃ፣ አሁን ዕረፊ» አላት። ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ የወሰደው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ሕይወቱ መጠበቅ ሆነ። መጋቢት ገባ፤ ፀሐይ መበርታት ጀመረች። ቡናውን ይዞ ሳውናው ጀርባ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጥና ጀሪካኖቹን ያያል። ውስጣቸው ጉም ይዟል፤ በጉሙ ውስጥ አረንጓዴ ነገር የሚታይባቸውም አሉ። ከነዚህ አንዷ እሷ ናት። የትኛዋ እንደሆነች አያውቅም፤ ጎናቸው ላይ የነበረው ጽሑፍ እንደወትሮው ነጥቷል። እሱ የሚፈልገው ሐምሌ ደርሶ ያንን ቀይ ነገር አንድ ጊዜ ማየት ነው። ካርላ ስትደውል ቤቱን ሽጦ እሷ ዘንድ እንዲመጣ ትለምነዋለች፤ እሱም፣ «አበባዋ ትውጣና እናያለን» ይላታል። ካርላ አባቷ ስለ አበባ ሲያወራ ሰምታ አታውቅም።

ሚያዝያ ሲያልቅ ጎረቤቱ ቬርና የሌምፒን የዳቦ መጋገሪያ ልትመልስ መጣች። ቬርና ከሌምፒ ጋር ዘር ትለዋወጥ የነበረች ጓደኛዋ ናት፤ ጀሪካን የመቁረጡን ነገር ያስተማረቻትም እሷው ናት። ሬይኖ ኩራት ቢጤ ተሰምቶት ወደ ጀርባ ወሰዳት። ቬርና መጋገሪያውን እንዳቀፈች ቆመች።

«እነዚህን ማነው የከደናቸው?»

«እኔ ነኛ። ረስታው ነበር።»

ቬርና ዝቅ ብላ አንዱን ክዳን ፈታች። ከውስጡ ሞቅ ያለ፣ የተቀቀለ ቅጠል የመሰለ ሽታ ወጣ።

«አልረሳችም፣ ሬይኖ። አፉ ክፍት የሚተወው ዝናቡ እንዲገባለት ነው፤ ፀሐይ ስትመጣ ደግሞ እንዲተነፍስ። ሲዘጋበት ይቀቀላል።»

«ሁሉም?»

«እስቲ እንያቸው።»

ሬይኖ ክዳኖቹን እየፈታ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ፕላስተሩን በቢላ እየቀደዱ ከፈቷቸው። ቡናማ ክር የመሰለ ነገር አፈሩ ላይ ተኝቷል። አንዳንዱ ውስጥ ምንም የለም። ከሃያው በሕይወት የተገኙት ጥላው ሥር የነበሩ ሁለት ጎመኖች ናቸው። ሬይኖ ጎመኖቹን አይቶ ተናደደባቸው፤ እናንተ ምን ታደርጉልኛላችሁ እንደማለት። ቬርና ጥፋት እንዳልሠራ፣ ማንም ሰው ቢሆን እንደሚከድነው ነገረችው። ፖፒ ደግሞ ግትር ናት፤ ዘሯ ሁሉ በአንድ ዓመት አይነሳም፤ አፈር ውስጥ ተኝቶ የሚከርም አለ አለችው። እሱ ግን አልሰማትም። ሁለተኛ ጊዜ በገዛ እጁ የቀበራት መሰለው። አመስግኖ ሸኛት።

ብቻውን ሲቀር ጋሪውን አመጣ፤ አፈሩን ሰብስቦ ሊደፋ። በረዶው ስለሳሳ ጀሪካኖቹ አሁን ያለችግር ይነሳሉ። የመጀመሪያውን ገልብጦ ሲያራግፍ ሥሩ ላይ ጽሑፍ አየ። በእርሳስ ነው፤ ፀሐይ ስላልነካው ጥርት ብሎ ይነበባል። «ሰላጣ» ይላል። የሌምፒ እጅ ነው። እርሳሱም የራሱ ነው፤ ወፍራሙ የአናጢ እርሳስ፣ ገና ሰሞን ጠፍቶበት የካርላን ባል የጠረጠረበት። ሁለተኛውን አነሳ፤ «ሽንኩርት»። ከዚያ በኋላ አፈር መድፋቱን ትቶ እያንዳንዱን ከፍ እያደረገ ሥሩን ብቻ ማየት ጀመረ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቦታ ስለጠበባት ፊደሎቹን አስጠግታቸዋለች።

«የእማዬ ፖፒ። አይቀበርም፣ ፓንክ። ክዳን አይደረግበትም፣ ሬይኖ።»

ጀሪካኑን ከፍ አድርጎ እንደያዘ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሳቁ መጣ። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ከኋላዋ እየሄደ ሲዘጋ የኖረውን ሰው በደንብ ታውቀዋለች፤ ምን እንደሚያደርግ ከመሞቷ በፊት ነግራዋለች፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ሥሩን አላየም። ሳቁ አላለቀም፣ ወደ ልቅሶ ዞረ። ከቀብሩ ቀን ወዲህ እንዲያ አላለቀሰም። የምትጨቃጨቀው ሌምፒ በሕይወት ያለች ያህል አጠገቡ ነበረች፤ ናፍቆቱም ያኔ ነው በሙሉ የመጣበት።

ሲረጋጋ ቬርና ያለችው ነገር ትዝ አለው። ተኝቶ የሚከርም አለ ብላለች። ሳውናው ግድግዳ ሥር፣ ሌምፒ ፎጣ አገልድማ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ፣ የቆሸሸ የመጨረሻ በረዶ ቀርቷል። የፖፒዋን አፈር ቀስ ብሎ እዚያ ላይ በተነው። አካፋውን አነሳና ትንሽ አሰበ፤ አካፋው ለዘሩ የሚከብድ መሰለው። መልሶ አስቀመጠው፤ ተንበርክኮ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። አልቀበረውም። ከዳር እስከ ዳር፣ በረዶው ጓንት የሌለውን እጁን እስኪያደነዝዘው ድረስ ፓንክ አደረገው።

ሲነሳ ባዶው ጀሪካን አግዳሚው ላይ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ክዳኑ ኪሱ ውስጥ ነበር። እጁ ከልማዱ የተነሳ አውጥቶት አንገቱ ላይ ሊያሽከረክረው ደረሰ፤ አንድ ዙር ከማዞሩ በፊት ቆመ።

«እሺ፣» አላት። «እሺ፣ ሌምፒ።»

ክዳኑን ኪሱ መለሰና ጀሪካኑን ሳውናው መስኮት ላይ፣ እንደተከፈተ፣ አስቀመጠው። ከዚያ ገብቶ ለካርላ ደወለላት፤ ቢያንስ እስከሚመጣው ዓመት ሐምሌ የትም እንደማይሄድ ነገራት።