ቡናችን ወንዝ የገባ ጊዜ

ጅማ ባቡር ገብቶ አያውቅም። እኔ ግን ጅማ ተቀምጬ የባቡር አደጋ አጣሪ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰው የሚያውቀውን ሳይሆን የታዘዘውን የሚሠራበት። ከጅማ እርሻ ኮሌጅ ተመርቄ አንድ የቡና ማዘጋጃ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያዥ ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር።

አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ከአጋሮ ተገዝቶ፣ እኛ ዘንድ ተበጥሮና ተለቅሞ በመኪና አዲስ አበባ የደረሰው ቡናችን ወደ ጅቡቲ ሲጓዝ፣ የጭነት ባቡሩ ቆላ ውስጥ የወንዝ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቷል። ሁለት ፉርጎ ወንዝ ገብቷል። ደግነቱ ሰው አልሞተም። ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። ካድሬያችን ስለ ኢኮኖሚ አሻጥረኞች አንድ ሰዓት ያህል ተናገረ። ከዚያ የመጋዘን ኃላፊው እጁን አውጥቶ፣ ነጂው መሪውን እንዴት ሊስተው እንደቻለ ጠየቀ። ባቡር መሪ የለውም ብሎ የሚያርም አልተገኘም፤ እኔም ጥያቄውን እንዳለ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኩት።

ሄደው የሚያዩ ሁለት ሰዎች ተመረጡ። አንዷ እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ። ሌላው መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሐጂ እያለ የሚጠራቸው አዛውንት ናቸው፤ እዚያው ጅማ መርካቶ ሰፈር ተወልደው ያደጉ፣ አንዲት ፍሬ ነክሰው የየት አገር ቡና እንደሆነ የሚናገሩ። በመንገድ ላይ ባቡር አይተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መካ በአውሮፕላን ሄደዋል፤ ባቡሩን ግን አላህ አላለውም አሉኝ።

ከጅማ በተነሣን በማግስቱ ከቀትር በፊት ደረስን። በሕይወታችን መጀመሪያ ያየነው ባቡር ተኝቶ ነበር። አንዱ ፉርጎ በጎኑ ወድቆ ውኃው በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሌላው ግንባሩን አሸዋ ውስጥ ቀብሯል። ከበላያቸው ሦስተኛው ድልድዩ ጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። የተቀደደው ኬሻ ወንዙን ቡና በቡና አድርጎታል፤ የአካባቢው ሰዎች እየዛቁ ድንጋይ ላይ አስጥተውታል። ሐጂ አንዲት ፍሬ አነሡ፣ ነከሱ፣ ዞር ብለው ተፉ።

ከአዲስ አበባ የመጣው የአጣሪው ኮሚቴ ሰብሳቢ ግን ተስፋ አልቆረጠም። የእኛ ቡና በፀሐይ የሚደርቅ፣ በንግዱ ቋንቋ ያልታጠበ የሚባለው መሆኑን፣ የታጠበ ቡና ደግሞ የተሻለ ደረጃ እንደሚያገኝ ያውቃል። ስለዚህ ይህ ቡና ቀናት ሙሉ ወንዝ ውስጥ ከከረመ በታጠበ ተራ ቢመዘገብ ምን ይመስልዎታል ብሎ ሐጂን ጠየቃቸው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም።

ሐጂ በትሕትና፣ "ልክ ነው ጌታው፣ ታጥቧል። ሬሳም ይታጠባል" አሉት።

ከሰዓት በኋላ አንድ የሐዲድ ጠባቂ ሽማግሌ ሁለታችንን ድልድዩ ላይ አወጣንና ከብረቱ ሥር የተነጠፉትን እንጨቶች አሳየን። ሐጂ በትራቸውን ቢሰዱበት እንጨቱ እንደ ዳቦ ተቀበለው። ሰውየው ይቀየርልኝ ብሎ ስንት ጊዜ ማመልከቱን፣ ሁልጊዜም ተራ ጠብቅ መባሉን ነገረን።

ስንወርድ ሪፖርቱ አልቆ ጠበቀን፤ የቀረው በእኔ እጅ መጻፉ ብቻ ነው። ሰብሳቢው ያነበንባል፣ እኔ እጽፋለሁ። ባቡሩን ከሐዲዱ ያስወጣው ጅማ ላይ ከልክ በላይ የተሞላው ኬሻ ነው። እንጨት የሚል ቃል የለበትም። እንጨቱን ማንሣት የመንግሥትን ሐዲድ መተቸት ነዋ። ጽፌ ስጨርስ ፈረምኩ። እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ሐሳቡ የእኔ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሐጂ እስክሪብቶውን አልነኩም። "እኔ የተላክሁት ቡናውን እንዳይ ነው። ቡናው ጠፍቷል በሉና ልፈርም። ለበሰበሰ እንጨት ብዬ ግን ኬሻውን የሞሉትን ጫኞቼን አልሰጥም" አሉ። ሰብሳቢው ይህ አቋምዎ ይመዘገባል አላቸው። እሳቸውም ስሜ እንዳይሳሳት ብለው ፊደል በፊደል ነገሩት።

ስንመለስ ብርቱካን ገዝተው እየላጡ አጎረሱኝ። ተቀይመውኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣" አሉኝ፣ "ገና ልጅ ነሽ፤ ወደፊትም ብዙ ያስፈርሙሻል። እኔ ምን ጊዜ ቀረኝ?"

ቢቆጡኝ ከሚያመኝ በላይ ይህ አመመኝ።

ጅማ ስንገባ ሪፖርቱ ቀድሞን ነበር። ሁለት ጫኞች ከሥራ ታገዱ። ሐጂ "ለጤናቸው ሲባል" እንዲያርፉ ተደረገ፤ ጤናቸውን የጠየቃቸው ግን የለም። እኔ አዲስ የተቋቋመው የሚዛን ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆንኩ። ሚዛኑን አስፈተሽኩት። አንዳች ጉድለት አልነበረበትም። ይህንኑ ጽፌ አቀረብኩ፤ በአዲሱ አመራር ሚዛኑ ተስተካከለ ተብሎ ተመሰገንኩ።

ከወር በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ከከተማው በላይ ጅሬን ኮረብታ፣ ሐጂ ቤት ወጣሁ። ግቢው ሙሉ ጎረቤት ነው፤ ስለ ባቡሩ ሊሰሙ መጥተዋል። ሐጂ አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ እሷም ነበረች፣ እሷ ትንገራችሁ አሉ። ነገርኳቸው። ስለ በሰበሰው እንጨት፣ ሪፖርቱን ስለጻፈው እጅ፣ ስለ ፊርማዬም አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ሁሉም ሰማኝ፤ ሐጂም መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ስጨርስ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው በጣም አሳስቧቸው ጠየቁኝ፤

"ያን ሁሉ ቡና ጠጥተው፣ የወንዙ ዓሦች እንቅልፍ ወሰዳቸው ወይ?"