ንጹሑ ዓሣ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ያልጻፍሁት የሌላ ሰው ምስጢር ስላለበት ነው። የምስጢሩ ባለቤት ታላቅ እኅቴ ግን ባለፈው ፋሲካ፣ «ንስሐዬን ጨርሻለሁ፤ ከፈለግህ ጻፈው» ብላ ፈቀደችልኝ።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በቤተ ሙከራ፣ በሐይቅ ዓሣ ውስጥ የቀረ የፀረ ተባይ መድኃኒት በመለካት ነው። የዓሣው ሥጋ ይፈጫል፤ ስቡ በፈሳሽ ይወጣል፤ ይጣራል፤ ከዚያም ለመሣሪያው ይሰጣል። መሣሪያው በወረቀት ላይ መስመር ይሥላል። መድኃኒት ከሌለ መስመሩ እንደ ዳባት ሜዳ ለጥ ይላል፤ ካለ ተራራ ይቆማል። ሆኖም የቆሸሸውን ለማወቅ አስቀድሞ ንጹሑን ማየት ግድ ነው። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ፣ «ንጹሕ ዓሣ ከየት ይምጣ?» ተባለ። ብዙ የማልናገረው ሰው ብድግ ብዬ፣ «ከአገሬ ወንዝ! ስሜን አስይዛለሁ» አልሁ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች አንድ ዓሣ አስግሬ፣ በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልዬ፣ በሣጥን ከትቼ ደባርቅ እኅቴ ቤት አሳደርሁት። የደባርቅ ብርድ ከማቀዝቀዣ አያንስም።

መሣሪያው ግን ሜዳውን ትቶ የስሜንን ተራሮች ሣለልኝ። የሐይቁ ዓሣ በአጠገቡ ኮረብታ መሰለ።

«ጋሼ፣ የአገርዎ ዓሣ መድኃኒት ቤት ከፍቷል እንዴ?» አለኝ አንዱ ባልደረባዬ።

ዘገባው ሊጻፍ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ይህ ከገባበት ወንዙም እኔም ስማችን ጠፋ። ወደ ደባርቅ ተመልሼ ለእኔም ለእኅቴም የንስሐ አባት የሆኑትን አባ አገኘሁ።

«አባቴ፣ የወንዛችን ዓሣ ከሐይቁ ይልቅ ቆሽሾ ተገኘ።»

«ምን አገኘው?»

«የነቀዝ መድኃኒት። በወንዙ ዳር ግን ነቀዝ የሚበላው እህል የለም።»

አባ ሳሉ። መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛውረው ደግመው ሳሉ።

«ልጄ፣ ሌላ ዓሣ አምጣ። ሣጥኑንም ቆልፈው።»

«ከማን ነው የምቆልፈው?»

«ንስሐ የሰማ ጆሮ አፍ የለውም! ብታስለፈልፈኝ ኃጢአቱ በራስህ ነው። ሂድ!»

ሁለተኛውን ዓሣ በተቆለፈ ሣጥን ይዤ ስገባ እኅቴ ቁልፉን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባ ነገሩህ!»

«ቆልፍ ብቻ ነው ያሉኝ።»

«ታዲያ ይኸው አይደል መንገር! ወንድምዓለም፣ በጾም ሥጋ ደብቀህ ያመጣህ መስሎኝ ገለጥ አድርጌ አየሁት። ዓሣ ሲሆንብኝ ጠቅልዬ መለስሁት።»

«በዚያ ሰዓት እጅሽ ምን ይዞ ነበር?»

እጇን አገላብጣ አየች። «የገብሱን ዘር የነቀዝ መድኃኒት እያሸሁ ነበር። ግን በቀሚሴ ጠርጌዋለሁ እኮ!»

የሁለተኛው ዓሣ መስመር ዳባትን ሆኖ ወጣ። በዘገባው ላይ፣ «የመጀመሪያው ናሙና በእጅ ንክኪ ተበክሏል» ብዬ ጻፍሁ። ኃላፊዬ አንብበው፣ «የማን እጅ?» ቢሉኝ፣ እንደ አባ ሳልሁ።