አርጊሪስ ወደ አህያ ደሴት የሄደበት ቅዳሜ

በመንደራችን የሚወራው እንዲህ ነው። የሰባ ሁለት ዓመቱ ዓሣ አጥማጅ አርጊሪስ፣ ባሏ የሞተባትን ጎረቤቱን ዛምቤታን በሞተር ጀልባው ጭኖ ቅዳሜ ዕለት ጠፋ። አህያ ደሴት ወሰዳት። እዚያ አባ ስትራቲስ በጥድፊያ አጋቧቸው፣ ባለ አራት ፎቅ ኬክ ተቆረሰ፣ ሙሽራውም የጉልበቱን ሕመም ረስቶ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ጨፈረ። ወሬው ከካፌያችን ተነስቶ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ኬኩ ስድስት ፎቅ ሆነ። መድኃኒት ቤቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ ዛምቤታ አረገዘች። ዛምቤታ በመጪው ጥቅምት ሰባ ዓመት ይሞላታል።

እኔ ወሬውን የተጠራጠርኩት በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ኬኩን ቀምሼዋለሁ። እንኳን አራት ፎቅ ምድር ቤትም አልነበረውም። ጠፍጣፋ ነው። ጥርሴ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለመናገር ጊዜው ገና ነው።

አርጊሪስን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ካፌያችን ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ «አይደለም» የሚለው ሰውዬ እሱ ነው። ባሕር የገባው በአሥራ አንድ ዓመቱ ከአባቱ ጋር ነው። በዚያው ዓመት መቃወም ጀመረ ይባላል። ሬዲዮው ነፋስ ይነሳል ካለ አርጊሪስ አይነሳም ይላል፤ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ይህ ነፋስ አይደለም ይላል። መንግሥትን ይቃወማል፣ ዳኛን ይቃወማል፣ የካፌው ባለቤት ትሪያንታፊሎስ ቡናው ውስጥ የሚጨምረውን ስኳር ይቃወማል። ከሁሉ በላይ ግን ቅዱሳንን ይቃወማል።

ከቅዱሳንም ለይቶ የያዘው ቅዱስ ፋኑሪዮስን ነው። በእኛ ዘንድ ዕቃ የጠፋበት ሰው ለፋኑሪዮስ ኬክ ይጋግራል፤ ካህን ይጸልይበታል፤ ኬኩ ለተገኘው ሁሉ ይታደላል፤ ቅዱሱም የጠፋውን ይገልጣል። ባል የጠፋባቸው፣ ማለቴ ገና ያላገኙ ሴቶችም ይጋግሩለታል። ኬኩ ውስጥ የሚገባው ነገር ሰባት ወይ ዘጠኝ ወይ አሥራ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ስምንት ከሆነ ቅዱሱ ዞር ብሎም አያየው። አንድ ጊዜ የትሪያንታፊሎስ ሚስት ኬክ ጋግራ የወርቅ ጉትቻዋን ስታገኝ አርጊሪስ ከወንበሩ ተነስቶ፣ «ያገኘው መጥረጊያው ነው! ኬኩን ለመጥረጊያው ስጡት!» ብሎ ጮኸ። ሴትየዋ እስከ ዛሬ ድረስ ሰላም አትለውም።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ በሐምሌ ወር የጀልባው ሊብሬ የጠፋበት።

ጀልባዋ ክሪሳንቲ ትባላለች፣ በሚስቱ ስም። ሰማያዊ የእንጨት ጀልባ ናት። ሞተሯ በየማለዳው በዚያው ሰዓት ሲነሳ ከሚያስለው ሳል የተነሳ ሰዓት ለማስተካከል ሬዲዮ አያስፈልገንም። ሚስቱ ክሪሳንቲ ከሞተች አራት ዓመት አለፋት። ጀልባዋ ቀረችለት። አዲስ የመጣችው የወደብ ሹም ትሁት ልጅ ናት፤ ሁሉንም እየዞረች፣ «ሊብሬውን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሰኞ ድረስ ያላቀረበ ጀልባ ከውኃ ይወጣል። አዝናለሁ» አለች። አንዴ ከውኃ የወጣ የእንጨት ጀልባ ደግሞ በእኛ አገር ተመልሶ አይገባም። አበባ ተክለውበት ሆቴል በር ላይ ያቆሙታል።

አርጊሪስ ቤቱን ገለበጠው። ፍራሽ ሥር፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ፣ ሬዲዮው ውስጥ ፈለገ። የዶሮ ቤቱን ሲፈትሽ ዶሮዎቹ ለሁለት ሳምንት እንቁላል አቆሙ። በሦስተኛው ሳምንት ካፌ መጥቶ ተቀመጠ።

«ጋሽ አርጊሪስ፣ ዛሬ ደግሞ ሙቀቱ» አለው ትሪያንታፊሎስ።

«ሙቀት ነው» አለ አርጊሪስ።

ሁላችንም ኩባያችንን አስቀመጥን። ሐኪም እንጥራ ያለም ነበር።

ከዚያ ሰኞ በፊት ያለው ቅዳሜ የፋኑሪዮስ በዓል ነበር። የቅዱሱ ቤተ ክርስቲያን ያለው አህያ ደሴት ላይ ነው፤ ከእኛ ወደብ በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። መንደሩ በሙሉ ከካህኑ ከአባ ስትራቲስ ጋር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በትልቁ ጀልባ ሄደ። የቀረነው የካፌ ሰዎችና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ናቸው። ዛምቤታ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው ወገን ነበረች። አራት ሰዓት ገደማ ጓሮዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ሳለ ከአጥሩ ወዲያ ጭስ መጣ።

«አንተ ሰውዬ! ቤትህ እየተቃጠለ ነው?»

«አዎ። ሂጂ» አለ ድምፁ።

«በቀረፋ ነው እንዴ የሚቃጠለው?»

ዛምቤታ ጉልበቷን ረሳችው። በመስኮት አጮልቃ ብታይ፣ ለሃምሳ ዓመት ለማንም ያልተንበረከከው አርጊሪስ የሚስቱን ሽርጥ ታጥቆ፣ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ተቀብቶ፣ ምድጃው ፊት ተንበርክኳል።

«ለሰው ትንፍሽ ብትይ ባሕር ነው የምጨምርሽ» አላት።

«ለማን እናገራለሁ?» አለች ዛምቤታ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት።

ኬኩ ወጣ። ዛምቤታ በጣቷ ነካችው፣ ከዚያ በማንኪያ መታችው፤ ጮኸ።

«መቼ ልታስጸልይበት ነው?»

«ነገ ነዋ። አባ ስትራቲስ ሲመለሱ።»

«አይመለሱም እኮ! ከደሴቱ በቀጥታ ወደ ከተማ ነው የሚሻገሩት፣ ክርስትና አለባቸው። እስከ ማክሰኞ የሉም።»

ሰኞ ከማክሰኞ እንደሚቀድም አርጊሪስም አይክድም። እንደቆመ አንድ ጊዜ ሰዓቱን፣ አንድ ጊዜ ኬኩን አየ። ከዚያ ሽርጡን ወረወረና ነጩን ሸሚዙን ለበሰ፤ በዱቄት ተለውሶ ቅዱስ ፊት አይቀረብም። ኬኩን ከነመጋገሪያው በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ወደቡ ሮጠ። ዛምቤታ ከጠረጴዛው ላይ የክሪሳንቲን የምግብ አሠራር ደብተር አንስታ ተከተለችው።

«አንቺ ደግሞ ወዴት?»

«አንተ ስትነዳ ኬኩን ማን ይይዘዋል? ቅዱሱ?»

ካፌው ውስጥ ትሪያንታፊሎስ አቅራቢ መነጽሩን አነሳ። የመርከብ መነጽር ነው፤ መርከብ ግን አይቶበት አያውቅም።

«ነጭ ሸሚዝ ለብሷል!» አለ። «ዛምቤታን እጇን ይዞ አስገባት! ምን ታቅፋለች? ነጭ ነገር... ኬክ! ዛሬ ደግሞ ፋኑሪዮስ ነው! ሰዎች፣ ጋግራ ባል ተገለጠላት!»

ወሬው የተወለደው በዚህች ደቂቃ ነው። ገና ሞተሩ ሳይሞቅ ሰርጉ አልቆ ነበር።

ባሕሩ ላይ ግን ሌላ ጭቅጭቅ ነበር። ከወደቡ አፍ እንደወጡ የነሐሴው ነፋስ ተቀበላቸው፤ ሜዲትራኒያን በዚያ ሰሞን እንደ አርጊሪስ ነው፣ ያለ ምክንያት ይነሳል። ዛምቤታ ኬኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠየቀችው።

«ስንት ዓይነት ነገር ከተትክበት?»

አርጊሪስ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ቆጠረ። «ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዘቢብ፣ ለውዝ።»

«ስምንት?»

«ስምንት።»

«አበስኩ ገበርኩ! ስምንት ይጋገራል? ሰባት ነው፣ ዘጠኝ ነው! ሃምሳ ዓመት ስትሳደብ ኖረህ ቁጥሩን እንኳ አልያዝክም?»

«እኔ ምን ላድርግ? የክሪሳንቲ ደብተር ላይ ያለው ይኸው ነው!»

ዛምቤታ ደብተሩን ገለጠች። እውነትም ስምንት ነው፣ ገጹም እዚያ ያልቃል። ግን ገጹ ወፍራም ሆነባት። ሁለት ቅጠል በድሮ ማር ተጣብቋል። የፀጉር ሽቦዋን ነቅላ ቀስ ብላ ፈለቀቀችው።

«ሶዳ፣ አንድ ማንኪያ» ብላ አነበበች። «ለዚህ ነው ያልነፋልህ።»

«መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ምንድነው?»

«እሱማ የጀልባህ ሊብሬ ነው።»

አርጊሪስ ተቀመጠ። ቆሞ እንደነበር ያወቀው ያኔ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባሕሩ ባዶ የሆነበት ዘመን ነበር። መንግሥት ሙያውን ለሚተው ዓሣ አጥማጅ ካሣ ይሰጥ ነበር፤ ጀልባው ግን ባለቤቱ ፊት በዶዘር ይደቅቃል። አርጊሪስ ተቆጥቶ፣ «እኔም አስረክባለሁ!» አለ። ሊብሬውን ሊያወጣ ሲሄድ ከቦታው የለም። ክሪሳንቲ ሰርዲን እየጠበሰች ነበር፤ ዞር ሳትል «አላየሁም» አለችው። ሳምንት ፈለገ። ቀኑ አለፈ። በዓመቱ ዓሣው ተመለሰ፣ ሊብሬውንም ረሳው። ለካ በትዳር ዘመኑ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ የማይገልጠውን ደብተር አውቃ መርጣለች።

ወረቀቱን ሸሚዙ ኪስ ከተተው። መልሶ አወጣው፣ ማህተሙን አየው፣ ባርኔጣው ሥር አደረገው።

«ሰርዲን እየጠበሰች ነበር እኮ» አለ።

ዛምቤታ ዝም አለች። ዝም ያለችበትን ጊዜ ራሷ ናት የነገረችኝ፤ ሌላ ምስክር ባገኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ አርጊሪስ ጉሮሮውን ጠረገና ራሱን ሆነ። «በይ፣ ተገኘ። እንመለስ።»

«ስእለቱስ?»

«ያገኘው ፋኑሪዮስ አይደለም፣ ክሪሳንቲ ናት!»

«ደብተሩን ማን አስገለጠህ?»

«የወደብ ሹሟ! በዚያ ላይ ኬኩ ስምንት ነው። ስምንት አይሆንም ያልሽው አንቺ ነሽ። የማይሆን ነገር ለቅዱስ ልስጥ? ነውር አይደለም?»

አርጊሪስ አንድም ጊዜ እንዲህ አሸንፎ አያውቅም። እየሳቀ መሪውን አዞረ፤ ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች። በዚህ ጊዜ አንድ ማዕበል፣ እንደ ዛምቤታ አነጋገር የደብሩን ደወል የሚያህል፣ ተነስቶ መጣና ሌላውን ሁሉ ትቶ ኬኩ ላይ ተደፋ።

ጨርቁ ተገፈፈ። ሁለቱም ኬኩን አዩት። ዛምቤታ ጣቷን ነክራ ላሰች።

«ጨው» አለች። «ዘጠኝ።»

አርጊሪስ በዳማ የተበላ ሰው ተጋጣሚውን እንደሚያይ ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ መሪውን መልሶ ወደ አህያ ደሴት አዞረው።

ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ጉዳይ ነበር። አባ ስትራቲስ አርጊሪስን በቤተ ክርስቲያኑ በር ሲያዩት የፍርድ ቀን የደረሰ መስሏቸው አማተቡ።

«አርጊሪስ! ምን ጠፋብህ ልጄ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

«ማዕበል።»

ጸለዩበት። ኬኩን የሚቆርጥ ቢላ ስላልተገኘ አርጊሪስ በዓሣ ቢላው ቆረሰው፣ በሁለት እጁ ተጭኖ። ሰዉ ሁሉ ነጩን ሸሚዝ እያየ፣ ዛምቤታን እያየ፣ ማኘክ ጀመረ። አባ ስትራቲስ መንጋጭላቸውን ይዘው፣ «በረከት ነው፣ በረከት ነው» አሉ። የእኔን ድርሻ ዛምቤታ በመሐረብ ቋጥራ አመጣችልኝ። ዘጠኙም ዓይነት ነበረበት፤ በተለይ ዘጠነኛው።

ሰኞ ጠዋት አርጊሪስ ሊብሬውን አቀረበ፣ ማህተም ተመታበት፣ ወደ ካፌ መጣ። ክሪሳንቲ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ውኃ ላይ ትወዛወዛለች። ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ትሪያንታፊሎስ ቡናውን ሲያቀርብለት ሳህኑ ላይ አምስት ነጭ የሰርግ ከረሜላ ደረደረለት።

«እንኳን ደስ ያለህ ጋሼ!»

«ለምኑ?»

«ለጋብቻው ነዋ!»

«ውሸት ነው» አለ አርጊሪስ። ድምፁ ተመልሷል፤ ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ።

«እሺ፣ ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ተኝቼ።»

«ጀልባዋስ?»

«ታስራ።»

«ኬኩስ?»

«ኬክ አልወድም።»

«ዛምቤታስ?»

«በዚያ በታመመ ጉልበቷ ነው ባሕር የምትገባው? አታፍርም?»

ትሪያንታፊሎስ መነጽሩን አንስቶ አሳየው። «በዚህ አይቼሃለሁ እኮ!»

«መነጽርህን አስጠግን።»

ነገሩ እንዳያልቅብን ሰግቼ እኔም ጣልቃ ገባሁ። ከኬኩ የተረፈችውን፣ ጥርሴን ያሸነፈችውን ቁራሽ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ቋ አለች።

«ተወው ሌላውን» አልኩት። «ሊብሬው ግን የት ተገኘ?»

አርጊሪስ ቁራሿን አላያትም። በመስኮቱ ሰማያዊዋን ጀልባ እያየ ከከረሜላዎቹ አንዷን አንስቶ ጎረሰ።

«የት ይገኛል?» አለ። «መች ጠፋና!»