ለባቡር ሎሚ አያስፈልግም

ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሎሚ ስታሸት አያቴ፣ አባባ፣ ትዝ አሉኝ።

አባባን መኪና ያጥወለውላቸዋል። ድሬዳዋ ያገባችውን አክስቴን የሚጠይቋት ከአቃቂ ጣቢያ በባቡር ተሳፍረው፣ በየጣቢያው በመስኮት ብርቱካን እየገዙ ነበር።

የመንገደኛው ባቡር ከቀረ በኋላ አክስቴ ታመመች። አባባን ሎሚ አስይዤ በታክሲ ወደ አውቶቡስ ተራ ይዣቸው ስሄድ፣ ገና ቃሊቲ ሳንደርስ አስመለሳቸው። ከታክሲው ወርደን ሐዲዱን ተከትለን በእግራችን ወደ ቤት ተመለስን። መንገድ ላይ ቆም ብለው ብረቱን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት።

«ሐዲዱ ይኸው አለ አይደል? ባቡሩ ታዲያ የት ይሄዳል?»

ብረቱ ዝጓል፤ መሀሉ ሣር በቅሏል።

«ይመጣል፣ አባባ» አልኳቸው።

«እንግዲያስ ይኸን ያዝልኝ። ለባቡር ሎሚ አያስፈልግም» ብለው ሎሚያቸውን እጄ ላይ አኖሩት።

«ወንድሜ፣ አመመህ እንዴ?» አለችኝ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ፣ ዓይኔ ሎሚዋ ላይ መቅረቱን አይታ ሎሚውን እየዘረጋችልኝ።