ሰርቪሱ ማንንም ያልጠበቀበት ሳምንት

ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰርቪስ ነድታለች። በዚያ ሁሉ ዘመን በእሷ መኪና ሰው መነካቱ ቀርቶ የመኪናው ቀለም እንኳ አልተጫረም። ባለፈው ዓመት ታማ፣ አልጋዋ ላይ አረፈች። ሊያጽናኑኝ የመጡት የፋብሪካው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ያንን አንድ ሳምንት ነበር። እኔም እንዳይረሳ ልጻፈው አልኩ።

ሁልጊዜ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች። አውቶብሱን አንድ ጊዜ ትዞረዋለች፤ ጎማውን በእግሯ ትመታለች፣ ፍሬኑን ረግጣ ትሞክራለች፣ መስታወቶቹን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ከዚያ ከዘጠኝ ፌርማታ ስልሳ ሠራተኛ ጭና፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፋብሪካው በር ላይ መድረስ አለባት። ሳይረን ከጮኸ በሩ ይዘጋል። ውጭ የቀረ ቀኑን ሙሉ ውጭ ነው።

እሷ ደግሞ በሰዓት ከስልሳ ኪሎ ሜትር በላይ አትነዳም፤ ቁልቁለቱ ላይ ከአርባ። ስለዚህ ተሳፋሪው «እንቁላል» የሚል ስም አወጣላት።

«እንቁላሉ በእግሩ መሄድ ሲጀምር ንገሪን፤ ወርደን አብረነው እንሂድ!» ይላታል አንዱ ከኋላ ወንበር።

«ከወረድክ አይቀር ግፋልኝ» ትለዋለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

እኔም የፋብሪካው መካኒክ ነበርኩና በእሷው ሰርቪስ ነበር የምሄደው። አንድ ዝናባማ ማክሰኞ ቁልቁለቱ ላይ ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና ከፊታችን ገባ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ከወዲያ የሚመጣው አይታይም።

«ቅደሚው!» አለ አውቶብሱ በአንድ አፍ።

«የማላየውን አልቀድምም።»

«ሳይረኑ ሊጮህ ነው እኮ!»

«ይጩኽ።»

በሩ ከተዘጋ ከአራት ደቂቃ በኋላ ደረስን። ስልሳ ሰው በመጣበት አውቶብስ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በማግስቱ ሾፌሯ ትቀየርልን የሚል ወረቀት ዞረ። ያረቀቁት የማቅለሚያ ክፍሏ ኃላፊ ነበሩ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ንግግራቸው እንደ ቀለማቸው በቀላሉ የማይለቅ ሴት ናቸው። ወረቀቱ እኔም እጅ ገባ። አልፈረምኩም፤ ግን ይሉኝታ ያዘኝና ዝም ብዬ ለሚቀጥለው አሳለፍኩት።

የስምሪት ኃላፊው አስጠራት። «ከሰኞ ጀምሮ አንድ ሳምንት እሰጥሻለሁ» አላት። «አንድ ቀን እንኳ ሳይረን ከቀደመሽ መሪውን ለንፋስ እሰጠዋለሁ፤ አንቺ ዕቃ ግምጃ ቤት ትገቢያለሽ።» ንፋስ የሚሉት ተለዋጩን ሾፌር ነው፤ የቁልቁለቱን ኩርባ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ስልክ ይዞ የሚታጠፈውን። እሷ መንጃ ፈቃዷን ያገኘችው በአራተኛው ፈተና ነበር። ያን ያህል ከለፋችበት መሪ ወርዳ ካርቶን ስትደረድር ላስባት አልቻልኩም።

«ታዲያ ትንሽ ልትፈጥኚ ነው?» አልኳት ራት ላይ።

«አልፈጥንም። ጊዜው የሚጠፋው መንገድ ላይ አይደለም።»

ለካስ ፊት ወንበር የምትቀመጠውን የፋብሪካውን ነርስ ለምና፣ በየፌርማታው የምንቆምበትን ደቂቃ አስይዛት ኖሯል። «እየመጣች ነው፣ ትንሽ ጠብቂያት።» «ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ ነው።» «ያውልሽ፣ ታየ!» እያለ ተሳፋሪው ያስቆማታል፤ አንድ ደቂቃ እዚህ፣ ሁለት ደቂቃ እዚያ፤ ሲደመር አስራ አንድ ደቂቃ። ለአንድ ሰው በይሉኝታ ያባከንነውን ጊዜ ቁልቁለቱ ላይ አምጪ ብለን ስልሳችንም እንጮህባት ነበር ማለት ነው።

ቅዳሜ ከአውቶብሱ በር አጠገብ የየፌርማታውን መነሻ ሰዓት ጽፋ ለጠፈች። «ከሰኞ ጀምሮ ሰዓቱ ሲሞላ በሩን እዘጋለሁ። የሚሮጥም ቢሆን አልጠብቅም።»

«ምነው ልጄ፣ እኔንስ ትተሽኝ ልትሄጂ ነው?» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ፌርማታ ላይ ብተውዎ ነገ ይሰድቡኛል። ገደል ብከትዎ ማን ይሰድበኛል?»

ሰው ሳቀ እንጂ ያመናት አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት። አራተኛው ፌርማታ የእኛ ሰፈር ነው። አውቶብሱ ሲቆም እኔ ገና ሱቁ ጋ ነበርኩ፤ ሃያ እርምጃ ቢቀረኝ ነው። እጄን እያወዛወዝኩ ሮጥኩ። በመስታወቱ አየችኝ። በሩ ተዘጋ፤ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ነርሷ ናት። ከኋላ አንዱ «ኧረ ባሏን ጣለችው!» ሲል አውቶብሱ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ብቻ አልሳቁም። «ባሏን ያልማረች እኛን ልትምር ነው?» አሉ።

እነሱ ከሳይረኑ ቀድመው ገቡ፤ እኔ በታክሲ ደርሼ በሩ ተዘግቶብኝ ተመለስኩ። ማታ «አላየሽኝም?» አልኳት።

«አይቼሃለሁ። ኮሌታህ ተገልብጦ ነበር።»

ማክሰኞ ሰው ሁሉ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ተሰልፎ ጠበቃት። ረቡዕ እትዬ የጎረቤታቸውን በር እየደበደቡ «ተነሺ፣ ይህቺ ሴት ቀልድ አታውቅም!» ሲሉ ሰፈሩ ሰማ። ሐሙስም ዓርብም ከሳይረኑ ቀድመን ገባን።

ቅዳሜ፣ በመጨረሻው ቀን፣ እንደገና ዝናብ። ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ የጫነ መኪና ከፊታችን ይንፏቀቃል። እሷም ርቀቷን ጠብቃ በሠላሳ ተከተለችው። አንዱ ለመጮህ አፉን ሲከፍት እትዬ ክርኑን ያዙት። «ጊዜ አለን። ዝም በል።»

ኩርባው ጋ ስንደርስ የነዳጅ ቦቴ መንገዱን ሞልቶ ከፊት ብቅ አለ። ያን ማክሰኞ «ቅደሚው» ብለን የጮህነው እዚያው ቦታ ላይ ነበር። ቦቴው አጠገባችንን ታክኮ አለፈ።

ከዚያ እትዬ ብድግ አሉና እልልታቸውን አቀለጡት። ስልሳ ሰው ተቀበላቸው። ፋብሪካው በር ላይ ስንቆም ለአንድ ሰዓት ሰባት ደቂቃ ይጎድል ነበር። ዘበኛው ሰርግ የመጣ መስሎት ሁለቱንም በር ወለል አድርጎ ከፈተው።

የስምሪት ኃላፊው ጃንጥላ ይዞ ወጣ። ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ።

«መሪው ያንቺ ነው» አላት። «ሰኞ ሾፌሮቹን ሁሉ እሰበስባለሁ፤ አስተምሪልኝ።»

«ሾፌሮቹ ይቆዩ» አለችው ሞተሩን እያጠፋች። «መጀመሪያ ተሳፋሪዎቹን ይሰብስቡልኝ።»

ሰበሰበላት። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ሰማት። እኔ ያን ቀን ቀድሜ ገብቼ ፊት ወንበር ይዤ ነበር።